የሚካኤል ነው የተባለው ቋጠሮ

በአንኮበር ዳገት ላይ ገብስ ዘርቶ ለመብላት የሦስት ጌቶች ፈቃድ ያስፈልጋል፤ የፈጣሪ፣ የውርጩና የዝንጀሮው። ፈጣሪ ይለመናል። ውርጩም አንዳንድ ዓመት ይምራል። ዝንጀሮው ግን ልመና አይሰማም፣ ምሕረትም አያውቅም። ጠዋት ጠዋት ከገደሉ ሥር የሚወጣው የጭላዳ መንጋ በሜዳው ሲሰማራ፣ ተራራው ራሱ ጠጉር አብቅሎ የሚራመድ ይመስላል። አውራው ጭላዳ ቀይ ደረቱን ገልጦ እርሻ መሃል ሲቀመጥማ፣ ግብር ሊያበላ የተሰየመ የድሮ ባላባት እንጂ አውሬ ነው ቢሉ ማን ያምናል።

የወልደተንሣኤ ቤት ከዚህ ገደል አፋፍ ላይ ነበር። ከአባቱ የወረሳት አንዲት ምንሽር ነበረችው፤ በገበሬ ማኅበሩ ተመዝግባ፣ ለሰብል ጥበቃ የሚል ማኅተም ያረፈበት ፈቃድ የወጣላት። ስለዚች ጠመንጃ በአገሩ የማይወራ አልነበረም። አንዴ ስትተኮስ ድምፅዋ ቁልቁል ወርዶ አልዩ አምባ ገበያ ግመል ያስበረግጋል፤ ተመልሶም ደብረ ሲና ቁልቁለት ላይ የጭነት መኪና ሹፌር “ጎማዬ ፈነዳ” ብሎ እንዲወርድ ያደርገዋል ይባላል። ከዚህ ወሬ ዘጠኝ እጁን ብንጥለው እንኳ፣ የቀረው አንድ እጅ ዝንጀሮ ለማባረር ይበቃል። ወልደተንሣኤም የሚፈልገው እሱን ብቻ ነበር። ወደ ሰማይ አንድ ጥይት ይለቃል፤ መንጋው ገደሉን ይወርዳል፤ ገብሱ ይድናል።

ነገሩ የሆነው በደርግ ጊዜ፣ ሰባዎቹ እንደገቡ ነው፤ በየመንገዱ ኬላ የበዛበት፣ ሰው ከጎረቤቱ ጋር እንኳ ድምፁን ዝቅ አድርጎ የሚጫወትበት ዘመን። በዚያ ክረምት የምንሽሯ መርፌ ተሰበረ። መርፌ የሚሉት ጥይቱን ከኋላ የሚወጋውን ቀጭን ብረት ነው፤ እሱ ከሌለ ጠመንጃ ማለት ሰደፍ ያለው ዱላ ነው።

ደብረ ብርሃን ውስጥ ገብረአብ የሚባል፣ መሣሪያ ለመጠገን የመንግሥት ፈቃድ ያለው ብረት ሠሪ ነበር። የጠመንጃዋን ወረቀት አይቶ መርፌውን አበጀና ወደ አንኮበር ለሚመጣ መኪና ረዳት ሰጠው። ረዳቱ የጠመንጃ ዕቃ መሆኑን ሲያይ ዓይኑ በራ። መኪናው ደረሰ፤ መርፌው ግን እነሆ እስከ ዛሬ መንገድ ላይ ነው። ሁለተኛውን አንድ የእነዋሪ ሰው “ሳምንት አደርስለታለሁ” ብሎ ተቀበለ። ያ ሳምንት መስከረምን አሻግሮ ጥቅምት ገባ። ኋላ አንድ መንገደኛ፣ ደነባ ሠርግ ላይ ምንሽር ሲተኮስ ሰማሁ ብሎ ድምፁን በአፉ አስመሰለ። ወልደተንሣኤ አዳምጦ አዳምጦ፣ “የኔ መርፌ ነው” ብሎ ማለ።

ገብሱ ማሸት ጀመረ። ዝንጀሮው ጠመንጃዋ ዝም ማለቷን ከሰው ሁሉ ቀድሞ ሰምቷል መሰል፣ ወደ ገደሉ መሸሹን ተወ። ወልደተንሣኤ ሚስቱን ይመኙሻልን እርሻ ላይ ትቶ፣ ሦስተኛ መርፌ ሊያሠራ ደብረ ብርሃን ወጣ። ገብረአብ ፊት ግን ማረሻ የሚያስደበድብ ገበሬ ተሰልፎ ነበር።

“ሲያልቅ ልላክልህ” አለው ገብረአብ። “የፈቃድህንም ግልባጭ አብሬ አደርገዋለሁ። ኬላው አሁን ጠብቋል።”

“ወረቀት አታድርግ” አለ ወልደተንሣኤ። “ተሸካሚው ወረቀት ካየ የጠመንጃ ዕቃ መሆኑን ያውቃል። ካወቀ ደግሞ ደነባ ሠርግ ላይ ነው የማገኘው።” ከኩታው ሥር አዲስ ነጭ ጨርቅ አወጣ። ጨርቁ ላይ በቀይ ክር መስቀል ተጠልፎበታል። “በዚህ ስፋው። አልዩ አምባ የሚወርደው ዓወል ሲመጣ ስጠው። የሚካኤል ነው በለው።”

ገብረአብ ጨርቁን አገላብጦ አየና፣ “ዕዳው ያንተ ነው” አለ።

በዚያ መንገድ አንድ የቆየ ልማድ ነበር። ሰው ስለት ሲሳል የተሳለውን ነገር መስቀል በተጠለፈበት ነጭ ጨርቅ ይሰፋና ወደዚያ ለሚሄድ መንገደኛ ይሰጣል። ተቀባዩ ምንድነው አይልም፣ አይፈታም፣ መሬት አያስነካም። የተሳለውም ሰው ስም ታቦቱ ደጅ እስኪደርስ አይነገርም፤ ከተነገረ ስለቱ ዋጋ የለውም ይባላል። ክርስቲያኑም እስላሙም ይህን ያከብራል። አንድ ጊዜ አንድ ሌባ እንዲህ ያለ ቋጠሮ ሳያውቅ ሰርቆ፣ ሲያውቅ በሩጫ ሲመልስ ከባለቤቱ ቀድሞ ደረሰ የሚሉም አሉ።

ወልደተንሣኤ ቤቱ ተመልሶ ያደረገውን ሲነግራት ይመኙሻል አልሳቀችም።

“ስለት ተሳልክ እንዴ?”

“እኔ አልተሳልኩም። ጨርቁ ተሳለ እንበል።”

“በሚካኤል ትቀልዳለህ?”

“ሚካኤል ሰብላችን ቢጠበቅ የሚጠላ ይመስልሻል?”

“ሚካኤልስ ውስጡን ያያል። ዓወል ግን አያይም። የሚሸከመውን የማያውቅ ሰው ራሱን እንዴት ብሎ ይጠብቃል?”

“ባያውቅ ነው የሚሻለው። ያላወቀ አይሰርቅም።”

“ቢጠየቅም መልስ የለው።”

“ማን ይጠይቀዋል? የታቦት ዕቃ የሚፈትሽ ገና አልተወለደም።”

ተወልዶ ነበር። እንዲያውም አድጎ፣ ሠልጥኖ፣ ካኪ ለብሶ ደብረ ብርሃን መውጫ ላይ ቆሞ ነበር።

ዓወል በርበሬና ጥጥ ከቆላ ወደ ደጋ፣ ባቄላና የሱፍ ባና ከደጋ ወደ ቆላ በበቅሎ የሚያመላልስ ነጋዴ ነው። ሲወጣ በወልደተንሣኤ ደጅ ያልፋል። በዚያ ሳምንትም ሲያልፍ ወልደተንሣኤ መንገድ ወርዶ ጠበቀው።

“ዓወል፣ ገብረአብ ዘንድ ለሚካኤል የተሳልኩት ነገር አለ። የጽና ማንጠልጠያ ነው። ቄሱ ሲያጥኑ የሚይዙት።”

“ምን እንደሆነ መቼ ጠየቅሁህ አያ ወልደተንሣኤ? የናንተ ስለት ለኛ አማና፣ አደራ ነው። ከኮርቻው አላስረውም፤ በጉያዬ ነው የማመጣው።”

“እንዳይጠፋብኝ።”

“እኔ ካልጠፋሁ አይጠፋም” አለ ዓወል፣ በቅሎዋን ቸብ አድርጎ።

በቀጠሮው ቀን ወልደተንሣኤ መንገድ ዳር ተቀምጦ ዋለ። ዓወል አልመጣም። በማግስቱም አልመጣም። ዝንጀሮው በዚህ መሃል የእርሻውን ዳር ጨርሶ መሃሉን ጀምሯል። ወልደተንሣኤ እንደ ቆሎ ተንጨረጨረ። እሑድ ከቅዳሴ መልስ ሰው በቆመበት፣ “ዓወል የሚካኤልን ስለት ይዞ ጠፋ” ብሎ ተናገረ። ይህን ሲል መርፌውን ረስቶት ነበር፤ ስለቱን እውነት አድርጎት ተቆጣ። ሰው የራሱን ውሸት ሲያምን ከዚያ የባሰ ምስክር አይገኝም።

ወሬ ደግሞ ቁልቁለት ካገኘ ያድጋል። ከቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ሲወጣ “ስለት ጠፋ” ነበር። ጎረቤላ ሲደርስ “ዓወል ስለት በላ” ሆነ። አልዩ አምባ ገበያ ሲገባ፣ ዓወል የሚካኤልን ጽና ሰርቆ፣ አቅልጦ ለበቅሎው ልጓም አሠርቶበት ነበር።

ከጥቂት ቀናት በኋላ አንዲት ሴት ዳገቱን ወጥታ መጣች። ወልደተንሣኤ ደጁ ላይ ወንጭፍ ይጎነጉን ነበር።

“ጋሼ ወልደተንሣኤ እርስዎ ነዎት?”

“ነኝ።”

“ኩብራ እባላለሁ። የዓወል ባለቤት ነኝ።”

ወልደተንሣኤ ወንጭፉን አስቀመጠ። ይመኙሻል ከውስጥ ወጥታ በርጩማ ሰጠቻት፤ ውኃ አቀረበችላት። ኩብራ ጠጥታ ትንፋሽዋን ሰበሰበችና ጀመረች።

“ባሌ ታስሯል። ደብረ ብርሃን ኬላው ላይ ፈተሹት። ባናውን ዘረገፉት፣ የበቅሎዋን ኮርቻ ገለበጡት፣ ዝም አለ። ያንን ነጭ ቋጠሮ ከጉያው ሲያወጡ ግን እጃቸውን ያዘ። ሌላውን ሁሉ ውሰዱ፣ ይህን አትክፈቱ፣ የታቦት ነው አላቸው። እስላም ለሚካኤል ዕቃ እንዲህ ሲታገል አይተው አያውቁም መሰለኝ፣ ጭራሽ ጠረጠሩት። ቢፈቱት የጠመንጃ ብረት ሆኖ ተገኘ።”

“እና... ምን አለ?” አለ ወልደተንሣኤ።

“ምን ይበል? የማን ነው ሲሉት፣ የባለስለት ስም አይነገርም አለ። ከማን ተቀበልክ ሲሉት እሱንም አልናገርም አለ። እኔ ስጠይቀው ግን በጆሮዬ የእርስዎን ስም ነገረኝ። ሂጂና ጠይቂልኝ ነው ያለኝ። ስሙን ላውጣ ወይ በይው። ከፈቀደ እናገራለሁ፣ ካልፈቀደ ግን የሰው ስለት አላበላሽም አለ።”

ይመኙሻል ባሏን አየችው። እሱ መሬቱን አየ።

“እሱ የሚያስበው ብረት ሠሪው ቀይሮ ሰጥቶት ይሆናል ብሎ ነው” አለች ኩብራ። “ሄድኩ፤ ሱቁን ዘግቶ ዘመድ ጥየቃ ሄዷል አሉኝ። አሁን ለሽፍታ መሣሪያ የሚያቀብል ነው ብለው አዲስ አበባ ሊልኩት ነው። አዲስ አበባ ከሄደ ደግሞ...” አልጨረሰችውም። በዚያን ዘመን ይህን ዓረፍተ ነገር የሚጨርስ አልነበረም። “በዚያ ላይ ገበያው ሁሉ ባልሽ የታቦት ስለት በላ ይለኛል። በርበሬዬን የሚነካ የለም። ወሬውን ያስነሳውን አላህ ይየው። ጋሼ፣ ይምጡና ስለት ነበር፣ የጽና ማንጠልጠያ ነበር ብለው ይመስክሩለት። ሌላ አልለምንም።”

ወልደተንሣኤ በለሆሳስ፣ “ውኃ ጨምሪላት” ብቻ አለ። ያ ሲፎክር አራት ቀበሌ የሚያሰማው ሰውዬ።

ይመኙሻል ለእንግዳዋ ከቤት ያለውን ልታቀርብ ስትገባ ተከትሏት ገባ።

“እንግዲህ ሂድ” አለችው። “ፈቃድህን ከሣጥኑ አውጣና ሂድ።”

“እኔንስ ቢያስሩኝ?”

“ያስሩህ ይሆናል። አንተ ግን የታሰርክበትን ታውቃለህ።”

“ልጆቹስ? ገብሱስ?”

“የዓወልም ልጆች እንጀራ ነው የሚበሉት።”

አሁንም አልቆረጠለትም። ጫማውን አድርጎ መምሬ ገብረመንፈስቅዱስ ዘንድ ሮጠ። ሁሉን ነገራቸውና፣ “ቤተ ክርስቲያኑ የጽና ማንጠልጠያ አዝዞ ነበር ብለው አንዲት ወረቀት ቢጽፉልኝ፣ ዓወልም ይፈታል፣ እኔም እተርፋለሁ” አላቸው።

“ልጄ” አሉ መምሬ፣ “በሚካኤል ስም አንድ ቋጠሮ ልከህ አንድ ሰው አሳሰርህ። አሁን ደግሞ በሚካኤል ስም ወረቀት ልላክልህ? ያ እስላም ለሚካኤል ሲል ስምህን ደበቀ። አንተ የምታጥነው፣ የምትቆርበው፣ ለሚካኤል ስትል ስምህን መናገር ያቅትሃል?”

ወልደተንሣኤ ቤቱ ተመልሶ ፈቃዱን ከሣጥኑ አወጣ።

በማግስቱ ጠዋት ከኩብራ ጋር ወደ ደብረ ብርሃን መንገድ ጀመሩ። ይህ ሰው ዝንጀሮ ሲያሳድድ አምስት ገደል ዘሎ ልቡ የማይመታ ነው፤ ያን ቀን ግን ሜዳው ዳገት ሆነበት። ኩብራ በየእርምጃው ትመርቀዋለች። “አላህ ልጆችዎን ያሳድግልዎ፣ አላህ እግርዎን አይንሳዎ።” ምርቃቱ እንደ በረዶ ይመታዋል። አንድ ወንዝ ሲሻገሩ መቻል አቃተውና ቆመ።

“ኩብራ፣ አትመርቂኝ። ብረት ሠሪው አልቀየረም። ያዘዝኩት እኔ ነኝ። በስለት ጨርቅ አሰፍቼ ለባልሽ ያሸከምኩት እኔ ነኝ። ወሬውንም ያስነሳሁት እኔ ነኝ።”

ኩብራ አየችው። ነጠላዋን አጥብቃ ቀድማው ሄደች። ደብረ ብርሃን እስኪገቡ ወደ ኋላዋ ዞራ አላየችም።

የጠየቀው መቶ አለቃ ወጣት ነበር፤ ድካም ዓይኑን አቅልቶታል። ወልደተንሣኤ ፈቃዱን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ ከመጀመሪያው መርፌ እስከ ሦስተኛው ሳይቀንስ፣ በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜም ሳይጨምር ተናገረ።

መቶ አለቃው ወረቀቱን ከመዝገብ አስተያየ። “ፈቃዱ ትክክል ነው” አለ። “ጠመንጃው የተመዘገበ፣ ጥገናው የተፈቀደ። ታዲያ ምኑን ነው የደበቅኸው?”

“ከሌባ ነው ጓድ።”

“ይህ ወረቀት አብሮ ቢሆን ኬላው ላይ አይተው ያሳልፉት ነበር። በቅሎዋ እንኳ ሳትቆም። አንተ ከሌባ ስትደብቅ ሰውየውን ሽፍታ አደረግኸው።”

ወልደተንሣኤ በዚያ ወራት ስንት ሰው ምንም ሳያጠፋ እንደወጣ እንደቀረ ያውቃል፤ ዓወል እስካሁን እዚያው ከተማ መቆየቱ ራሱ ተአምር ነበር።

ዓወልን አመጡት። ከስቷል፤ ጢሙ አድጓል። ወልደተንሣኤን ሲያይ ፊቱ በራ፣ መልሶም በኀፍረት ጠቆረ።

“አያ ወልደተንሣኤ፣ አደራህን ሳላደርስ ቀረሁ” አለ። “በጉያዬ ነበር የያዝኩት። ኃይለኛ ሆነውብኝ ነው እንጂ ወላሂ አላስነካም ነበር።”

ከታሰረ ጀምሮ ይህን ሲያስብ ኖሯል። ወልደተንሣኤ ዱላ ቢያርፍበት ይቀለው ነበር።

“አደራ አልነበረም” አለው። “መርፌ ነው ያሸከምኩህ። እያወቅሁ።”

ዓወል ለመረዳት ጊዜ ወሰደበት። መቶ አለቃውን አየ፤ ፈቃዱን አየ፤ በመጨረሻ ወልደተንሣኤን አየ።

“ብትነግረኝ ኖሮ እምቢ የምልህ ይመስልሃል?” አለ። “ወረቀቱን በኪሴ፣ ብረቱን በእጄ አድርጌ አመጣልህ ነበር። ሲጠይቁኝ የወልደተንሣኤ መርፌ ነው፣ ዝንጀሮ አስቸግሮት ነው እል ነበር። መልስ ነፈግኸኝ እኮ። ሰው ፊት አቁመህ መልስ ነፈግኸኝ።”

ከዚያ በኋላ አላናገረውም።

ዓወል በዚያው ቀን ተፈታ። ወልደተንሣኤ ግን የመሣሪያ ዕቃ ደብቆ ልኳል ተብሎ እዚያው ታሰረ። መርፌው ተወረሰ፤ ምንሽሯም እስኪጣራ ተብሎ ተወሰደች። ገብሱ ሳይታጨድ ታስሮ፣ ታጭዶ ሲያልቅ ተፈታ። ዝንጀሮው ከግማሽ በላይ በልቶታል፤ የቀረውን ይመኙሻልና ጎረቤቶች በወንጭፍ ተከላክለው አተረፉት። ጠመንጃ ብቻ ነው የሚያድነው ብሎ ስንት ሲደክምለት የኖረውን ማሳ።

እሑድ ዓወልን ባማበት ቦታ፣ ሰው በተሰበሰበበት ቆሞ እውነቱን ተናገረ። ወሬ ግን ሲወርድ በበቅሎ ነው፣ ሲታረም በእግር። አልዩ አምባ ማን ይንገርለት? ስለዚህ በገበያ ቀን ራሱ ወረደ። ኩብራ በርበሬዋን ዘርግታ ከተቀመጠችበት አጠገብ ቆመ፤ ለሚያልፈው ሁሉ፣ “ዓወል ስለት አልበላም። የበላሁት እኔ ነኝ፣ የሰው ስም” ይል ጀመር። መጀመሪያ ሳቁበት። አንድ ሽማግሌ “አብዷል እንዴ ይሄ ደገኛ?” አሉ። እየዋለ ሲሄድ ግን አንዲት ሴት ጎንበስ ብላ በርበሬውን ጨብጣ አሸተተች፤ ሌላዋም ተከተለች። ወልደተንሣኤ ሲናገር ዋለ፤ ጉሮሮው ሰለለ። ኩብራ ቀና ሳትል አንድ ጣሳ ውኃ ወደ እግሩ ገፋችለት።

ገበያው ሲበተን ዓወል መጣ። ሰላምታ አልሰጠውም። በእጁ አንድ ቋጠሮ ይዟል።

“ወደ ላይ ነህ?”

“አዎ።”

“ይህን ጎረቤላ ለወለተ ጊዮርጊስ አድርስልኝ፤ ፈታይዋን ታውቃታለህ።”

ወልደተንሣኤ እጁን ዘረጋ። ዓወል ግን አልሰጠውም፤ ቁጢጥ ብሎ ቋጠሮውን መሬት ላይ ፈታው።

“ኧረ ተው ዓወል፣ አምንሃለሁ እኮ።”

“ማመንህን አልጠየቅሁህም። እይ።”

ወልደተንሣኤም ቁጢጥ አለ። የተዳመጠ ጥጥ ነበር። ዓወል ጥጡን በጣቱ ከፍቶ መሃሉን አሳየው፤ ሥሩን ገልብጦ አሳየው፤ ከዚያ እዚያው ፊቱ ቋጥሮ ሰጠው።

ወገኖቼ፣ ሁላችንም በሰው እጅ ዕቃ እንልካለን። በመኪናም ይሁን በበቅሎ፣ ለልጅም ይሁን ለገበያ። ቢዘገይ እንበሳጫለን፣ ቢጠፋ ተሸካሚውን እናማለን። ከማማታችን በፊት ግን ምን እንዳሸከምነው ነግረነዋል ወይ? ሸክም የሚከብደው በሚዛን ብቻ አይደለም። ውስጡን ያልነገርነው ሰው የኛን ዕቃ ሳይሆን የኛን ፍርሃት ነው የሚሸከመው፤ ሲያዝም በኛ ፋንታ ነው የሚያዘው። የምትልኩትን ፍቱና አሳዩ፤ የምትቀበሉትንም አስፈትታችሁ እዩ። አይን ለአይን የተያየ ሰው በዚህ አይቀየምም።

ወልደተንሣኤ ጥጡን በትከሻው አድርጎ ዳገቱን ወጣ። ጎረቤላ ሊገባ ሲል አንድ የአብዮት ጥበቃ ጠባቂ አስቆመው።

“ምንድነው የያዝከው?”

“ጥጥ ነው” አለ ወልደተንሣኤ። “የአልዩ አምባው ዓወል ለወለተ ጊዮርጊስ የላከው። ሥሩንም መሃሉንም አይቻለሁ።”

ጠባቂው ፊቱን አየና፣ “እለፍ” አለው።